የአደ ጫልቱ ስድብ በእንግሊዝኛ ክፍል

«እኔ የናንተ ዘበኛ ነኝ?» አሉ አደ ጫልቱ፣ የግቢውን በር መቀርቀሪያ እንደያዙ።

«አይደሉም፣ አደ፤» አለ ገመቹ።

«እናታችሁ ነኝ?»

«የኔ እናት ያለችው ካቺሲ ነው። የሱ ደግሞ ባኮ።»

«ታዲያ በየቀኑ ለናንተ በር ስከፍትና ስዘጋ የምኖረው ተስዬ ነው?»

ገመቹ አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው። «እሱን እንኳ አላውቅም፤» አለ።

ከኋላው ቆሜ እግሩን ረገጥኩት። ዞሮ «ምን ሆንክ?» አለኝ።

ገመቹን ምን ብዬ ላስተዋውቃችሁ? ጥያቄ የጠየቀ ሰው ሁሉ መልስ ፈልጎ ነው ብሎ የሚያምን ልጅ ነው። አንድ ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ ሰካራም «ይህች ዓለም ምንድን ናት?» እያለ በፊታችን አለፈ። እኛ ሳቅን። ገመቹ ግን እስከ ሁሉቃ ድልድይ ድረስ ተከተለው። ሲመለስ ፊቱ አዝኗል። «ባስረዳው ባስረዳው አልገባውም፤» አለኝ።

እንዲህ ያለ ሰው የእንግሊዝኛ ክፍል ሲገባ ምን ይውጠዋል? ቆዩ፣ እሱን ልነግራችሁ ነው የመጣሁት።

*

ያን ጊዜ አምቦ ላይ ሁለተኛ ደረጃ የሚማር የገጠር ልጅ ቤት ተከራይቶ ነው የሚኖረው። ሁለት ሦስት ሆኖ አንድ ክፍል ይይዛል። ስንቁ ካገር ቤት ይመጣለታል። ለኔ ከባኮ በጭነት መኪና በቆሎ፣ ለገመቹ ከካቺሲ በበቅሎ ጭኮ። ጭኮ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው። አንድ እፍኝ የበላ ሰው እስከ ማግስቱ ሌላ ነገር አያስብም። እኛም ብዙ ሳናስብ ነበር የምንማረው።

አከራያችን አደ ጫልቱ ናቸው። አደ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ልጆቻቸው አግብተው ርቀዋል። የቀሩላቸው አንዲት ጎረቤት ናቸው፤ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ። በሁለቱ መካከል የባሕር ዛፍ አጥር አለ። ይህ አጥር፣ አደ ጫልቱ እንደሚሉት፣ ሰው ሳያየው እየተነሣ ወደሳቸው ግቢ አንድ እርምጃ ይገባል። ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ወደኔ ነው የሚመጣው ይላሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ቆየ። ዳኛው ተቀየሩ፣ ጸሐፊው ተቀየረ፣ አጥሩ ግን እዚያው ቆሟል።

ቀጠሮ በሌለበት ቀን ክርክሩ አጥሩ ላይ ይካሄዳል። እንዴት ያለ ክርክር መሰላችሁ! የፍርድ ቤቱ ነጻ ልምምድ ነው። የሰፈሩ ሰው ውሃ ለመቅዳት በዚያ በኩል ዞሮ ይሄድ ነበር፣ ለመስማት።

*

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ሚስተር ኩሪያን ህንዳዊ ነበሩ። ቀጭን ናቸው። ጥቁር ጃንጥላ አላቸው፤ በበጋም አይለዩትም። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ አሥራ ሁለት የንግግር ዘይቤ ስሞች ደረደሩ። ሲሚሊ። ሜታፎር። ሃይፐርቦሊ። አይረኒ። ኦክሲሞሮን። እኛ የመድኃኒት ስም ነው የመሰለን። አጠገቤ የነበረው ልጅ «ኦክሲሞሮን፣ ከምግብ በኋላ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ፍሬ፤» አለ።

ገመቹ በሁለት ቀን አሥራ ሁለቱንም ሸመደደ። መሸምደድ ላይ እሱን የሚያክል አልነበረም። ሚስተር ኩሪያን ሲያስነሡት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሜታፎርን ትርጓሜ እንደ ዳዊት ወረደው። ሲጨርስም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። «ገጽ ስልሳ አንድን ተመልከት፤» ብሎ ነው የተቀመጠው። መጽሐፉ እንዲያ ይላላ!

ቀጥሎ ምሳሌ ተጠየቅን። የመጀመሪያው ልጅ ለሲሚሊ «እንደ አንበሳ ጀግና ነው» አለ። የመጽሐፉ ምሳሌ ነው። ሁለተኛውም አንበሳ አለ። ሦስተኛውም። ስምንተኛው ልጅ አንበሳውን ይዞ ሲነሣ ሚስተር ኩሪያን ጠመኔውን ወረወሩ። «ለመሆኑ አምቦ ውስጥ ስንት አንበሳ ነው ያለው?» ብለው ጮኹ።

ገመቹ እጁን አወጣ። «አንድም የለም፣ ሰር። ጭልሞ ጫካ ግን ድሮ ነበረ ይባላል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ ወጣ። ምሳሌ ከመጽሐፍ የለም። ከቤት፣ ከመንገድ፣ ከገበያ ነው። ሰው ሲናገር ትሰማላችሁ። መቼና የት እንደሰማችሁ ትጽፋላችሁ። ወደ እንግሊዝኛ ትመልሱታላችሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ፣ አንድ በአንድ እየተጠራችሁ ትፈተናላችሁ። ደብተር ያልያዘ አይፈተንም። ያልተፈተነ አያልፍም።

ለኔ ቀላል ነበር። የባኮ ልጅ በሾፌር መካከል ነው የሚያድገው። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር «የዘንድሮ በቆሎ እንዴት ነው?» ሲባል «ቁራ ከሥሩ ተነሥቶ ጫፉ ላይ እስኪደርስ ሁለት ቦታ ያርፋል» ሲል ሰምቼ ነበር። ሃይፐርቦሊ ማለት እሱ ነው። ለገመቹ ነገርኩት። «የት የት ነው የሚያርፈው?» አለኝ።

ገመቹ ግን የሚቀልድበት ጊዜ አልነበረም። ያንን ክፍል ሲማር ሁለተኛው ነው። አምና የጣለው እንግሊዝኛ ነው። ሦስተኛ ዕድል የሚባል ነገር በትምህርት ቤቱ ደንብ የለም። አባቱም ቁርጡን ነግረውታል፤ «ዘንድሮ ካለፍክ አለፍክ። ካላለፍክ በሬዎቹ ስምህን አልረሱትም።»

ገመቹ ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ወዲያው ግን «በሬዎቹ ስሜን መቼ ያውቁና?» አለኝ።

*

ታዲያ ምሳሌ ከየት ይምጣ? ሰው ደጁ ላይ ያለውን ምንጭ ትቶ ወንዝ ይወርዳል። በዚያው ሰሞን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ አደ ጫልቱ አጥሩ ሥር ቆመው «ያንቺ ምላስ ከወንጪ ተነሥቶ ጉደር ይገባል!» ሲሉ ደረስን። ገመቹን ጎሸም አደረግኩት።

«ሃይፐርቦሊ!»

«ለክተውታል?» አለ።

«ጻፍ ዝም ብለህ!»

ጻፈ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጻፈ። አደ ጫልቱ «እሷ እኮ ሰው አይደለችም፣ ቁንጫ ናት» ሲሉ፣ ሜታፎር። «አጥሩ ራሱ አንቺን ሲያይ ያፍራል» ሲሉ፣ ፐርሶኒፊኬሽን። የወይዘሮ አስካለን ባል «የቁም ሙት» ሲሉ፣ ኦክሲሞሮን። «እንዳንቺ ያለ ጎረቤት እግዜር ያብዛልኝ» ሲሉ፣ አይረኒ። አንድ ቀን ደግሞ ስለ ራሳቸው ባል ሲያነሡ «ያ ሰው ደክሞት ነበር፣ ዐረፈ» አሉ። ዩፊሚዝም። ሞተ ላለማለት ነው። እሱን ገመቹ ያለ ጥያቄ ጻፈው።

ሪቶሪካል ኩዌስሽን፣ ማለትም መልስ የማይፈልግ ጥያቄ፣ ብቻውን ስምንት ገጽ ፈጀ። ገመቹ ስምንቱንም ገጽ ሞላው እንጂ አልገባውም። «መልስ ካልፈለጉ ለምን ይጠይቃሉ?» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህን ጥያቄ እኔም እስካሁን አልመለስኩትም።

ጥፋቱ የአጻጻፉ ነው። መቼና የት እንደተባለ ጻፉ ተብለናል አይደል? ገመቹ በሕይወቱ ሰው የተናገረው ነገር በወረቀት ሲሰፍር ያየው አንድ ጊዜ ነው፤ አባቱ በመሬት ክርክር የምስክርነት ቃል ሲሰጡ። ለሱ የሰው ቃል መጻፍ ማለት እንደዚያ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ምሳሌ እንዲህ ይነበባል፦ «ሰኞ ጠዋት፣ በአጥሩ ሥር፣ ወይዘሮ ጫልቱ ወይዘሮ አስካለን ‹ቁንጫ ናት› ሲሉ በዓይናችን አይተን በጆሯችን ሰምተናል።» ከሥሩ ሁለት ስም፣ ሁለት ፊርማ። አንደኛው ፊርማ የኔ ነው። አልክድም። ያን ሰሞን ፊርማ ፈጥሬ ነበር፤ እጄን ይበላኝ ነበር።

*

ፈተናው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ፣ ገመቹ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሲጽፍ አደ ጫልቱ ድንገት ከኋላው ቆሙ።

«ምን ትጽፋለህ፣ ያ ሙጫ?» አሉት። አንተ ልጅ ማለታቸው ነው። ይቺ እንኳ እውነተኛ ጥያቄ ነበረች።

«እርስዎ የሚሉትን፣ አደ።»

«እኔ የምለውን? ለማን?»

«ሐሙስ ለሚጠይቀን ሰውዬ።»

የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ይዋሽ ነበር። በሚመጣው ሰኞ ደግሞ የአጥሩ ቀጠሮ ነው። አደ ጫልቱ ደብተሩን ከእጁ ነጠቁት። ማንበብ አይችሉም። ባገራችን ግን ወረቀት ለመፍራት ማንበብ አያስፈልግም። በነጠላቸው ሸፍነው ቀጥታ ወደ ፍርድ ቤቱ በር፣ ማመልከቻ ወደሚጽፈው ሰውዬ።

ሰውየው መነጽሩን ሰካ። ጮክ ብሎ አነበበ። ሦስት ሳምንት የተናገሩት ሁሉ፣ ከነቀኑ፣ ከነቦታው፣ ከነምስክሩ። ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ። «እመቤቴ፣» አላቸው፣ «ዕድሜዬን እዚህ ተቀምጬ እንዲህ የተጣራ ምስክርነት አላየሁም። ይህ ወይዘሮ አስካለ እጅ ከገባ አጥሩን ይተዉት፤ ቤቱንም ያስረክባሉ።»

ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? ደብተሩ ሳጥን ውስጥ ገባ። ሳጥኑ ተቆለፈ። ቁልፉ አደ ጫልቱ አንገት ላይ ተንጠለጠለ።

«እኔ እባብ ነው ቤቴ ውስጥ ያሳደግኩት?» አሉ።

«አይደለም፣ አደ። እኔ ገመቹ ነኝ።»

«እስከ ቅዳሜ ቤቴን ልቀቁ!»

ያን ቀን ገመቹ ጭኮውን አልነካም። ጭኮ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ዝም የሚል ገመቹ አይቼ አላውቅም። ግድግዳውን ብቻ ያያል። በቃልህ ታውቀው የለ እንዴ አልኩት። ደብተር ያልያዘ አይፈተንም አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ሳጥን የያዘውንስ ማን ያስለቅቀው?

*

ሽማግሌ መላክ አለብን። አምቦ ላይ የምናውቀው ሽማግሌ ግን አንድ ብቻ ነው፤ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ኦቦ ቱፋ። ኦቦ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት ነው። አንድ ሰው ደግሞ ሽማግሌ አይባልም። ገመቹ ሚስተር ኩሪያንን ምን ብሎ እንዳስረዳቸው አላውቅም፤ ብቻ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጃንጥላቸውን ይዘው ከኦቦ ቱፋ ጋር መጡ።

ኦቦ ቱፋ በመንገድ ላይ ሥርዓቱን አስተማሯቸው። ገመቹ አስተርጓሚ ነው። ግቡ ቢሉን አንገባም። ቁጭ በሉ ቢሉን አንቀመጥም። ጉዳያችን ካልተሰማ ውሃም አንጠጣም። ሚስተር ኩሪያን እንደ ጎበዝ ተማሪ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ግቢው መሀል ቆሙ። ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ዝናቡ ወረደ። ሚስተር ኩሪያን ጃንጥላቸውን ሊዘረጉ ሲሉ ኦቦ ቱፋ እጃቸውን ያዙ። ሽማግሌ ተጠልሎ አይለምንም። ጃንጥላው ታጠፈ። ውሃው ከመነጽራቸው ወደ ክራባታቸው፣ ከክራባታቸው ወደ ጫማቸው ይፈስ ጀመር።

አደ ጫልቱ በራቸው ላይ ሆነው ተጨነቁ። «ማሎ፣ እባካችሁ ግቡ! የሰው አገር ሰው ግቢዬ ውስጥ ሊሟሟ ነው?»

«አይሟሙም፣ አደ፤» አለ ገመቹ።

በአጥሩ ላይ የወይዘሮ አስካለ ሻሽ ብቅ አለ።

ኦቦ ቱፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አደ ጫልቱ፣ ጥጃ ጠፍቶብን ነው የመጣነው። እርስዎ በረት ገብቷል አሉን።»

ሚስተር ኩሪያን ወደ ገመቹ ጎንበስ አሉ። ምን አሉ? ገመቹ ተረጎመ። የምን ጥጃ? አሉ። ጥጃ እንኳ የለም፣ ሰር። ታዲያ የጠፋው ምንድን ነው? ደብተሩ ነው፣ ሰር።

ሚስተር ኩሪያን ገመቹን አዩት። ገመቹም አያቸው። እኔ ፊቱን እያየሁ ነበር። ጠዋት ጭጋግ ከሜዳ ላይ ሲነሣ እንደሚሆነው ቀስ እያለ በራ።

«ሜታፎር፤» አለ።

«ሜታፎር!» አሉ ሚስተር ኩሪያን፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ዝናቡ አንሥተው። የገጽ ቁጥር የጠራ አልነበረም።

አደ ጫልቱ የዋዛ አይደሉም። «የናንተ ጥጃ ተዋጊ ነው፣ ኦቦ ቱፋ። ሰኞ ዳኛ ፊት ሊወጋኝ ነበር።»

«ቀንዱን ሰብረን እንወስደዋለን።»

«ቀንዱ የት እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«ፊርማው ላይ ነው፤» አለ ገመቹ።

ሁላችንም ዞረን አየነው። እንደ ልማዱ መለሰ። ግን በጥጃው ነው የመለሰው!

አደ ጫልቱ ቁልፉን ከአንገታቸው አወለቁ።

*

መቀስ መጣ። ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ ፊርማ እየተቆረጠ እሳት ውስጥ ገባ። ደብተሩ ወንፊት ሆነ። ፈታኙ እዚያው ቁጭ ብለው ካልሲያቸውን እያደረቁ ስለሆነ ለቀዳዳው ማስረጃ አላስፈለገም።

«ሐሙስ የሚጠይቃችሁ ሰውዬ ይኼ ነው እንዴ?» አሉ አደ ጫልቱ፣ ሚስተር ኩሪያንን ከላይ እስከ ታች እያዩ። «እኔኮ ዳኛ መስሎኝ!»

ከዚያ የቀረውን አንብቡልኝ አሉ። እያንዳንዱንም በፈረንጅ አፍ ስሙ ማን እንደሆነ ንገሩኝ አሉ። ነገርናቸው። ይህ ሃይፐርቦሊ ነው፣ አደ። ይህ ሲሚሊ። እሳቸውም በየተራው «እህ!» ይላሉ። «የኔ ስድብ የፈረንጅ ስም አለው?» አሉ። «አለው፤» አለ ገመቹ። ሁለት ሦስቱን ደግሞ አሳረሙን፤ ያን ቀን ተናድጄ ነው እንጂ ከዚህ የተሻለ እችላለሁ ብለው።

«ደክሞት ነበር፣ ዐረፈ» የሚለው ጋ ስንደርስ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«እሱንም ጻፋችሁት?»

«አዎ፤» አለ ገመቹ።

«ይሁን። እሱ ይቆይ።»

ስለ ቤቱ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቅዳሜ እንደሆነ ቅዳሜ ነው። ገመቹ እንኳ ደፍሮ አልጠየቀም።

ሐሙስ ጠዋት ከግቢ ስንወጣ አደ ጫልቱ አጥሩ ሥር ነበሩ። «አንቺ ኦክሲሞሮን!» ሲሉ ሰማን። ወይዘሮ አስካለ፣ ሰፈሩ እንደሚመሰክረው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አጡ። ትምህርት አይጠቅምም የሚል ሰው ካለ ለሱ ነው ይህን የምናገረው።

*

ገመቹ ተጠራ። ወንፊት ደብተሩን ይዞ ቆመ። አንድ አለ፣ ሁለት አለ። ትርጓሜውን በራሱ ቃል፣ ምሳሌውን በአደ ጫልቱ ቃል። ሜታፎር ላይ ሲደርስ ጥጃውን አመጣው። ክፍሉ ሳቀ። አንበሳ የጠራ የለም። አሥራ አንድ ድረስ አንድም አልሳተም።

አሥራ ሁለተኛው ሪቶሪካል ኩዌስሽን ነው። መልስ የማይፈልግ ጥያቄ ነው ብሎ ተረጎመው። ምሳሌ? «እኔ የናንተ ዘበኛ ነኝ?» ብሎ አነበበ። ሚስተር ኩሪያን ደስ አላቸው። ደስ ሲላቸው ደግሞ ወጥመድ ያጠምዳሉ።

«ጥሩ። መልሱስ ምንድን ነው?» አሉ።

ከኋላ ወንበር ሆኜ ጣቴን አፌ ላይ አደረግኩ።

«አይደሉም፣ ሰር፤» አለ ገመቹ። «ዘበኛው ኦቦ ቱፋ ናቸው።»

ሚስተር ኩሪያን ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ቀና ሲሉ መነጽራቸውን ጠረጉና አሥራ አንድ ብለው ጻፉለት። አልፈሃል አሉት። አሥራ ሁለተኛውን ግን ከየትም ብለህ ፈልገው አሉት።

«ከየት፣ ሰር?» አለ ገመቹ።

*

ስንመለስ ፍራሻችን ተጠቅልሎ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ቅዳሜ ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል። አደ ጫልቱ በራቸው መሀል ቆመዋል፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው። ከአጥሩ ማዶ ሻሹ ብቅ ብሏል።

«አለፍክ?» አሉት።

«አለፍኩ፣ አደ።»

«በኔ አፍ?»

«በርስዎ አፍ።»

እኔ ፍራሹን አየሁ። ገመቹም ፍራሹን አየ። ከውስጥ የተነጠረ ቅቤ ሸተተን።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጨጨብሳ ለአስካለ ነው የሠራሁት?» አሉ አደ ጫልቱ።

ገመቹ አፉን ከፈተ። እግሩን ልረግጠው ጫማዬን አነሣሁ።

አፉን ዘጋ።

ጎንበስ ብሎ ፍራሹን አንሥቶ ገባ። ተከተልኩት። በሩ ከኋላችን ተዘጋ።